የጎደለው ስንዴ የት ሄደ? የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብና የኮሚቴ ውሳኔ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ፣ ወደ አንድ ስንዴ አምራች ደጋማ ወረዳ የሄድነው ዋግን የሚቋቋሙ የስንዴ ዝርያዎች ለሙከራ የሚዘሩበትን ማሳ ለመምረጥ ነበር። ማሳው የሚመረጠው ከመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት ይዞታ ስለነበረ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው ስብሰባውን እስኪጨርስ ድረስ በመጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ስብሰባው ግን በቶሎ የሚያልቅ አልሆነም። ማኅበሩ በኅዳር ወር ከአባላቱ 400 ኩንታል ስንዴ ገዝቶ አከማችቶ ነበር፤ በሰኔ ለመሸጥ እንደገና ሲመዘን የተገኘው 380 ኩንታል ብቻ ሆነ። የጎደለውን 20 ኩንታል የመጋዘኑ ኃላፊ እንዲከፍል ኮሚቴው ሊወስን ተቃርቧል። ሰውየው በእጁ ገንዘብ ስላልነበረው በሬዎቹን ከመሸጥ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ይህም የሆነው የክረምቱ ዘር ሊዘራ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

መዝገቡን ብቻ ለሚያይ ሰው ክሱ እንከን የለበትም። ገቢው 400፣ ወጪው ምንም፣ በቆጠራ የተገኘው 380 ነው። ቁልፉም ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። ማንም የሂሣብ ሠራተኛ ቢሆን ይህንን ጉድለት ብሎ ከመመዝገብ በቀር ምርጫ የለውም። እኔ ግን የሰብል ባለሙያ እንጂ የሂሣብ ሰው ባለመሆኔ ያነሣሁት ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ስንዴው መጋዘን ሲገባ እርጥበቱ ምን ያህል ነበር?

የሚመልስ አልተገኘም። በገቢ ደረሰኙ ላይ የሻጩ ስም፣ ክብደቱ፣ የኩንታሉ ዋጋና ጠቅላላ ብሩ ተጽፏል። እርጥበት የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለውም። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ አባል ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። በዚያው የኅዳር ሳምንት ስንዴያቸውን አስቀድመው ወደ ዩኒየኑ መጋዘን ወስደው፣ እርጥብ ነው ተብለው ተመልሰው ኖሯል። ወረቀቱ ቀኑንና በመለኪያ የተነበበውን እርጥበት ይዟል፤ 16 በመቶ ይላል። ሌሎች ሁለት አባላትም እንደዚሁ ያለ ወረቀት ከቤታቸው አመጡ። አጨዳው ላይ ዝናብ እንደጣለ ደግሞ ሁሉም ያስታውሳል። ዩኒየኑ አልቀበልም ያለውን ስንዴ ማኅበሩ እንዳለ ተቀብሎታል ማለት ነው። በማግስቱ ከክምሩ ከላይም ከታችም፣ ከመካከልም ናሙና ወስደን በዩኒየኑ መለኪያ ስናስነብበው 12 በመቶ ሆነ።

“ልጄ፣ ውሃ እንዴት አድርጎ ሃያ ኩንታል ይሆናል?” ብለው የጠየቁት እነዚያው አዛውንት ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ስሌቱን በመጋዘኑ በር ላይ በከሰል ጻፍነው። እርጥበቱ 16 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ ስንዴ 16 ኪሎው ውሃ፣ 84 ኪሎው ደረቅ እህል ነው። ስንዴው ሲደርቅ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ 84 ኪሎው እዚያው ይቀራል። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ያ 84 ኪሎ ከጠቅላላው ክብደት 88 በመቶውን ይይዛል። ስለዚህ 84 ለ88 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 95.45 ኪሎ ይሆናል። በ400 ኩንታል ሲታሰብ የሚቀረው 381.8 ኩንታል ነው። ማንም ሳይነካው 18 ኩንታል ከሩብ የማይሞላ ውሃ በመጋዘኑ መስኮት ወጥቷል ማለት ነው። የቀረው ጉድለት 1.8 ኩንታል፣ ከ100 ኩንታል ግማሽ ኩንታል እንኳ የማይደርስ፣ በነቀዝ፣ በማበጠርና በመፍሰስ ሊጠፋ የሚችል ነው።

ሦስት ወረቀት የ400 ኩንታል ሙሉ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይህንኑም ለኮሚቴው ሳልደብቅ ነግሬአለሁ። ሆኖም ኮሚቴው ክሱን ለመተው በቂ ሆኖ አገኘው። በሬዎቹም አልተሸጡም።

ታሪኩን የጻፍኩት ግን ሰውየው ነጻ በመውጣቱ ብቻ አይደለም። ማኅበሩ ውሃን በስንዴ ዋጋ ገዝቶ የከፈለው ገንዘብ አልተመለሰም። ሊመለስም አይችልም። ያ ገንዘብ የጠፋው በሰኔ ሳይሆን በኅዳር፣ ስንዴው በሚዛን ላይ በወጣበት ሰዓት ነው። አንዲት የእርጥበት ቁጥር በዚያ ሰዓት ተጽፋ በግዥ ኮሚቴው ፊት ብትቀርብ ኖሮ ውሳኔው ይለወጥ ነበር። በሰኔ የተገኘችው ቁጥር ሰው አዳነች እንጂ ገንዘብ አላዳነችም።

መዝገብ ለማን ይጻፋል?

በከተማ መሥሪያ ቤቶች “የሥራ አመራር የመረጃ ሥርዓት” እየተባለ የሚጠራው ነገር ስሙ ከበድ ይበል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ውሳኔ የሚሰጥ ሰው የሚያስፈልገው ቁጥር፣ በሚያስፈልገው ቀን፣ ሊረዳው በሚችለው መልክ እንዲደርሰው ማድረግ ነው። አብዛኞቹ ማኅበሮቻችን ቁጥር አላጡም። የገቢና የወጪ ደረሰኝ፣ የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ፣ የአባላት መዝገብ፣ የገንዘብ መዝገብ አላቸው። ችግሩ መዝገቦቹ የሚከፈቱት ኦዲተር ሲመጣ ወይም ጠብ ሲነሣ መሆኑ ነው።

ለዚህ ልማድ ምክንያት አለው። አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት የሂሣብ መዝገብ እንዲይዙና ሂሣባቸው እንዲመረመር ያዛሉ። ይህ መልካም ነው፤ የአባላት ገንዘብ የሚጠበቀው በምርመራ ነውና። ነገር ግን መዝገብ ማለት ለመርማሪ የሚዘጋጅ ወረቀት ነው የሚል አስተያየት ከዚሁ ጋር አብሮ ሥር ሰድዷል። ከዚያም በፊት፣ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ፣ የገበሬው እህል በኮታና በተወሰነ ዋጋ ለመንግሥት ይሸጥ በነበረበት ዘመን፣ መቼ እንሽጥ፣ ለማን እንሽጥ፣ በስንት እንሽጥ የሚለው የማኅበሩ ውሳኔ አልነበረም። ከማኅበሩ ይፈለግ የነበረው ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱም ወደ ላይ ይሄዳል፤ ለላኪው ተመልሶ የሚመጣ ነገር የለም። ዛሬ ውሳኔው የማኅበሩ ሆኗል፤ ቅጹ ግን በብዙ ቦታ ያው ወደ ላይ የሚሄደው ቅጽ ነው።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው አንድን ማኅበር በመዝገብ በኩል ለመርዳት ሲነሣ፣ “ምን ምን መዝገብ አላችሁ?” ብሎ ባይጀምር ይሻላል። “በዓመት ውስጥ ገንዘባችሁን የምታጡበት ወይም የምታገኙበት ውሳኔ የትኛው ነው? በየትኛው ወር ትወስኑታላችሁ?” ብሎ ይጠይቅ። በስንዴ አገር መልሱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው፤ እህል መግዛት፣ የገዙትን መሸጥና ማዳበሪያ ማዘዝ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ በታች ነው።

የአንድ ኩንታል እውነተኛ ዋጋ

አንድ ማኅበር ስንዴውን በኅዳር በ4,000 ብር ገዛ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ይተካ። በሰኔ የገበያው ዋጋ 4,500 ብር ሲሆን ኮሚቴው በኩንታል 500 ብር አተረፍን ብሎ ይሸጣል። ጉባኤውም ያጨበጭባል።

አሁን መዝገቡን እንይ። ስንዴው የተገዛው በብድር ነው። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን የ4,000 ብር የስድስት ወር ወለድ 300 ብር ነው። የጆንያ፣ የማራገፊያና የመጫኛ፣ የነቀዝ መከላከያና የጥበቃ ወጪ በኩንታል 120 ብር ይሁን። እስከዚህ 4,420 ብር ሆነ። ይህንን ድምር ብዙ የሂሣብ ሠራተኞች ያውቁታል። የሚዘነጋው ቀጣዩ ነው። በ16 በመቶ እርጥበት የገባ ስንዴ ሲደርቅና ጥቂት በነቀዝና በመፍሰስ ሲቀንስ፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ ከ100 ኪሎ የሚቀረው 95 ኪሎ ነው። 4,420 ብር የወጣበት አንድ ሙሉ ኩንታል ሳይሆን 95 ኪሎ ነው ማለት ነው። ለሚሸጠው አንድ ሙሉ ኩንታል ሲታሰብ 4,420 በ0.95 ተካፍሎ ወደ 4,653 ብር ይሆናል። በ4,500 ብር የሸጠ ማኅበር በኩንታል 153 ብር ገደማ ከስሯል። በ400 ኩንታል ግዥ ሲሰላ የወጣው 1,768,000 ብር፣ ከ380 ኩንታል ሽያጭ የተገኘው 1,710,000 ብር ነው። ኪሣራው 58,000 ብር ሲሆን የተጨበጨበለት እሱ ነው።

ያው ስንዴ የተገዛው በ12.5 በመቶ እርጥበት ቢሆን ኖሮስ? ወደ 12 በመቶ ሲወርድ፣ ያንኑ የነቀዝና የመፍሰስ ጉድለት ጨምረን፣ ከ100 ኪሎ 98.9 ኪሎ ያህል ይቀራል። የኩንታሉ እውነተኛ ዋጋ 4,469 ብር ገደማ ይሆናል። በ4,500 ሲሸጥ 31 ብር ያህል ትርፍ አለ። ትርፉ ትንሽ ነው፤ ለስድስት ወር ድካምና ሥጋት ይበቃል ወይ የሚለውን ኮሚቴው ይወስን። ነገር ግን በሁለተኛው ጊዜ ኮሚቴው የሚወስነው እያወቀ ነው።

ከዚህ ስሌት ለግዥ ኮሚቴው የሚጠቅም ሌላ ቁጥርም ይወጣል። በ12 በመቶ እርጥበት ለሚመጣ ስንዴ 4,000 ብር ተገቢ ከሆነ፣ በ16 በመቶ ለሚመጣው ተመጣጣኙ ዋጋ 4,000 በ84 ተባዝቶ ለ88 ተካፍሎ 3,818 ብር ነው። ከዚህ በላይ የሚከፈለው ለውሃ ነው። እርግጥ፣ እርጥብ ስንዴ ሲገባ የሚጎዳው ሚዛኑ ብቻ አይደለም፤ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝም ይራባበታል። ለረጅም ጊዜ የሚከማች ስንዴ ከ12 እስከ 13 በመቶ ቢሆን ነው የሚመረጠው። ስለዚህ ዋጋ ቀንሶ ከመግዛት አድርቀው እንዲያመጡ መንገር ይሻላል።

አባላት በእርጥበት ምክንያት ዋጋ ሲቀነስባቸው ማኅበሩ እንደ ነጋዴ አታለለን ማለታቸው አይቀርም። ነጋዴው እርጥበት ሳይጠይቅ ይገዛል፤ በሌላ በኩል ግን ማካካሻውን ያውቅበታል፤ ሚዛኑን መመልከት ነው። መፍትሔው መለኪያውን በሻጩ ዓይን ፊት ማድረግ ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከዩኒየኑ በተራ መዋስ ይቻላል። እሱ በማይገኝበት ጊዜ ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ወስዶ ሲሶውን በስንዴ መሙላት፣ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ መጨመር፣ ክዳኑን ዘግቶ ለአንድ ደቂቃ በኃይል መነቅነቅና ሩብ ሰዓት ያህል ማስቀመጥ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የስንዴው እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀ ከ15 በታች መሆኑን ይነግረናል እንጂ 12 ይሁን 14 አይለይልንም። ይህንን ጉድለቱን አውቆ ለመጠቀም ግን ከጨውና ከጠርሙስ የረከሰ መሣሪያ አላውቅም። ውጤቱ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ሻጩም ይፈርምበት።

ማዳበሪያ ሲታዘዝ

ማዳበሪያ ከውጭ አገር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ በመሆኑ ፍላጎቱ የሚሰበሰበው ከዘር ወቅት ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። ማኅበሩ በዚያን ጊዜ የሚጽፈው ቁጥር በኋላ ለማረም የሚያስቸግር ነው። ታዲያ ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ከብዙዎቹ ጋር ስንነጋገር የምናገኘው መልስ፣ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ተወስዶ ጥቂት ከመቶ ይታከልበታል የሚል ነው።

ለምሳሌ ባለፈው ዓመት 600 ኩንታል የታዘዘለት ማኅበር፣ አባላት የወሰዱት 540 ብቻ ቢሆንና በዕቅዱ ላይ አሥር ከመቶ ጨምሮ 660 ቢያዝ፣ በመጋዘን ከቀረው 60 ጋር 720 ኩንታል ይኖረዋል። ፍላጎቱ ግን 540 አካባቢ ነው። የተረፈው ዩሪያ እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ይጋግራል፤ ዕዳው ግን አይጋግርም፣ ወለዱ ይቆጠራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጎጥ ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ የተጠየቀው፣ ገንዘብ የተከፈለበትና በእርግጥ የተወሰደው። ትዕዛዙ ከሦስተኛው ይነሣ፤ በመጋዘን ያለው ይቀነስለት።

ከወጪ ደረሰኙ ላይ ደግሞ ማንም የማይመለከተው አንድ ዓምድ አለ፤ ቀኑ። ዩሪያው ከመጋዘን የወጣው ስንዴው ግንድ ካወጣ በኋላ ከሆነ፣ የምርት መቀነስ ምክንያቱ ዝርያው ወይም ገበሬው ላይሆን ይችላል። እኛም የምርምር ሰዎች ይህንን ቀን ሳናይ ስለ ማዳበሪያ ውጤታማነት የተናገርንበት ጊዜ እንዳለ መካድ አይገባንም።

ለኮሚቴው የሚቀርበው አንድ ገጽ

ኮሚቴ መዝገብ አያነብም፤ ሊያነብም አይገባውም። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ነው። በገጹ ላይ በዕለቱ በመጋዘን ያለው እህልና ግብዓት በቆጠራ፣ ከካርዱ ጋር ያለው ልዩነት፣ በእጅና በባንክ ያለው ገንዘብ፣ ያልተከፈለው ብድርና የሚከፈልበት ቀን፣ የአንድ ኩንታል እውነተኛ ዋጋ እስከዚያ ወር ድረስ፣ እንዲሁም የሳምንቱ የአካባቢ ገበያ ዋጋ ይኑርበት። ከዚህ በላይ ሲጨመር ዋናው ይሸፈናል። በገጹ ግርጌ ኮሚቴው በዚያ ስብሰባ የሚወስነው ነገር በጥያቄ መልክ ይጻፍ፤ “100 ኩንታል በዚህ ሳምንት እንሽጥ ወይስ እስከ ሐምሌ እናቆይ?” የሚል። ጥያቄ የሌለው ገጽ ተነቦ ይታጠፋል።

የአንዱን ኩንታል ዋጋ በየወሩ ማስላት ለምን እንደሚያስፈልግ በምሳሌያችን ይታያል። ወለዱ ብቻ በወር 50 ብር ይጨምራል። ዋጋ ይወጣል ብሎ አንድ ወር መጠበቅ የሚያዋጣው ገበያው ከ50 ብር በላይ ሲጨምር ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረው ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ ወዲህ የገበያ ዋጋ መስማት ቀሏል፤ በስልክም በየገበያው ይጠየቃል። ይሁን እንጂ የገበያውን ዋጋ እያወቀ የራሱን የማያውቅ ማኅበር ያው በጨለማ ነው።

ገጹ ከስብሰባው ሁለት ቀን አስቀድሞ ለሊቀመንበሩና ለቁጥጥር ኮሚቴው ይድረስ። በስብሰባው ላይ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ፊደል ያልቆጠሩ የኮሚቴ አባላት አሉ፤ ነገር ግን ጥጃው የተወለደበትን ቀንና የአምስት ዓመት የገበያ ዋጋ በቃላቸው የሚያውቁ ናቸውና፣ በቃል የተነገራቸውን ቁጥር ከማንም በተሻለ ይመረምሩታል። ካርዱን የሚጽፈው የመጋዘኑ ኃላፊ፣ የገንዘቡን መዝገብ የሚጽፈው የሂሣብ ሠራተኛው ይሁን። ሁለቱን አንድ ሰው ከያዘው ልዩነቱ በፍጹም አይታይም።

አንዳንድ ማኅበራት ኮምፒዩተር ሲመጣ ይህ ሁሉ ይቃለላል ብለው ይጠብቃሉ። ኮምፒዩተር ያላቸው ዩኒየኖች ድምሩን በደቂቃ ያገኙታል፤ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ደረሰኙ ላይ ያልተጻፈውን እርጥበት ግን ኮምፒዩተሩም አያውቀውም፤ 400 ሲቀነስ 380፣ ጉድለት 20 ብሎ በጥሩ ፊደል ያትመዋል።

የልማት ሠራተኛውን በተመለከተ አንድ ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። ለማኅበሩ አዝኖ መዝገቡን ራሱ አይጻፍለት። እሱ በተዛወረ ዓመት መዝገቡም አብሮት ይዛወራል። ከኮሚቴው ጋር ተቀምጦ ካርዱን ከክምሩ ጋር እንዲያስተያዩ፣ ጆንያውን እንዲቆጥሩ፣ ስሌቱን በራሳቸው እህል እንዲሠሩት ቢረዳ ይበቃል። ለመጀመሪያው ወር ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በሦስተኛው ወር ከቡና መጠጫ ጊዜ አይበልጥም።

በዚያ ማኅበር በተከታዩ ኅዳር ግዥ ሲጀመር ጠርሙሱና ጨው ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጨው ተጣብቆባቸው ከተመለሱት መካከል አንዱ የኮሚቴው አባል ነበሩ። ቅር እያላቸውም ቢሆን ስንዴያቸውን ጭነው ሄዱ፤ በሸራ ላይ አስጥተው ከአራት ቀን በኋላ አመጡት። የመጋዘኑ ኃላፊ ግን ከሰኔው ስብሰባ በኋላ ቁልፉን አስረክቦ እርሻው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌ ተልኮበት ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ እርጥበቱ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ ሻጩና እሱም ይፈርሙበት አለ። አዲሱ ደረሰኝ እስኪታተም ድረስ በአሮጌው ጀርባ ላይ በእጁ እየጻፈ ያስፈርም ነበር።